ሌላ

ሦስት ቀን በአበል፣ ቡሬ ተቀጥሬ፣
መኪና ልቆጥር ወጣሁ ከሰፈሬ።
መንገዱ ሊሰፋ ነው፤ ማን ስንት እንደሚያልፍበት
ይቆጠር አሉና፣ ዕቅድ ሊያወጡበት፣
ዱካዬን አኖርኩኝ ነቀምት መታጠፊያ፣
ከጎሚስታው በረንዳ፣ ከማደያው ወዲያ።

ወረቀቱ ባለ ዓምድ፦ ከባድ፣ አውቶቡስ፣
ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ ጋሪ ከነፈረስ።
ከሁሉ በኋላ፣ ከወረቀቱ ዳር፣
«ሌላ» የምትል ዓምድ፣ ቀጭን እንደ ክር።

«‹ሌላ› ማለት ምን ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣
አቶ ይርሳው ሳቀ፤ «ስም የሌለው ነዋ፣ ያው።
ትራክተር፣ የእጅ ጋሪ፣ ተጎትቶ የሚሄድ፤
ሞተርም እዚያው ነው፣ አንድ ላይ የሚወርድ።»

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ፣
አንድ ቀይ ሞተር መጣ፣ ጭቃ ሲያንጠፈጥፍ።
ሰማያዊ ሳጥን በከመነዳሪ
አስሮ፣ አንለይ ነበር፣ ክትባት አሻጋሪ።
ሌላ፣ አንድ።

የሻረግ አለፈች፣ ላሞች የሚያውቋት፣
ከመቀመጫው ኋላ የናይትሮጅን ቋት፤
ኮርማ ለሌለው ቀዬ ዘር ይዛ ትሄዳለች፣
በእኔ ወረቀት ላይ ጭረት ብቻ ሆነች።
ካኔተራ ላይ ሹራብ፣ ሹራብ ላይ ካፖርት፣
መምህሩም አለፈ፣ ፈተናውን ሸጉጦት።
አንዱ እናቱን ጭኗል፤ ነጠላዋን ነፋስ ነፍቶት እንደ ሸራ፣
እጇን ወገቡ ላይ እንደ መቀነት አስራ።
ሌላ። ሌላ። ሌላ።
አራት ቋሚ ጭረት፣ አምስተኛው ሰያፍ፤
ሰው ከነጉዳዩ ገባ በእስክሪብቶ አፍ።
እስከ ምሳ ድረስ አውቶቡስ ስድስት ነበር፤
«ሌላ» ግን ሞልታ ፈሰሰች ወደ ዳር።

ከሰዓት ዶፍ ጣለ።
አንለይ ተመለሰ፣ ጫማው ውሃ አዝሎ፣
አጠገቤ ቆመ፣ በረንዳው ሥር ተጠልሎ።
ወረቀቴን አየ። ጠየቀኝ። ነገርኩት።
ስሙን አንለይ ያሉት፣ እኔ ግን ለየሁት።

«እኅቴ፣» አለኝ፣ «ያ የውሃ መውረጃ፣
ፍርግርጉን አየሽው? እዚያ፣ ከገበያ መውጫ።
ብረቱ በቁመት ነው፤ ሲኖትራክ አይሰማውም፣
የእኔን ጎማ ግን ቢውጥ ቢውጥ አይጠግብም።
በወርድ ማን ያስተኛው? ስትቆጥሩ አልነበርኩም።

አንድ ሌባ በሞተር ቦርሳ ነጥቆ ቢሮጥ፣
‹ሞተር ሁሉ ከማታ ቤቱ ይቀመጥ።›
ሲኖትራክ ሲገጭ ተጠያቂው ሾፌሩ ነው፤
ብረቱን በሙሉ ‹ሌባ› ያለው ማነው?
ምጥ ሰዓት አይጠይቅ፤ አዋላጅ ጭኜ ኬላው ላይ ብደርስ፣
ገመዱ አልወረደም፤ በእግሯ ሄደች፣ በዚያ ጭለማ፣ ልትደርስ።

ከእኛም አለ፣ አልክድም፣ በሦስት የሚጭን፣
ሄልሜት በክንዱ አንጠልጥሎ ራሱን የሚያምን።
እሱ ይቀጣ፣ በስሙ፣ በታርጋው። ግን ሳትቆጥሩን፣
ከየት አገኛችሁት፣ ስትቀጡ ብቻ፣ ስማችንን?»

ማስመሪያ አልነበረኝ።
«መንጃ ፈቃድህን» አልኩት። አወጣ፣ በፌስታል ጠቅልሎ፤
ጠርዙን ተከተልኩት፣ እጄ ቀጥ ብሎ።
አናቱ ላይ ጻፍኩኝ፦ ሞተር።
ከ«ሌላ» ወዲህ ጭረቱን ሳሻግር፣
የሻረግን፣ መምህሩን፣ እናትን ከነጠላዋ ጋር።

በማግስቱ አቶ ይርሳው አየና ተቆጣ፤
«ፎርም አይነካም እኮ! ኮምፒውተሩ አያውቀው፣ ይህ ከየት የመጣ?»
በቀይ ሰረዘው። ድምሩን መልሶ «ሌላ» ውስጥ ከተተው፤
ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ሰው፣ በአንድ ቃል ሸፈነው።
እኔም ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ማታ፣ የአበል መክፈያው ላይ፣
ስሜን በጣቴ ፈለግኩ፣ ከታች እስከ ላይ፦
መሐንዲስ፣ ተቆጣጣሪ፣ ሾፌር፣ ጥበቃ፣
ከዚያ አንዲት ቀጭን መስመር፣ ተገፍታ፣ ተጨንቃ፦
«ሌላ።»
ከሥሯ እኔ ነኝ።

ፈረምኩ። ብሩን ቆጠርኩት፤ እሱስ ልክ ነው።
ከቢሮው ስወጣ አንለይ ነዳጅ ሊቀዳ መጣ፤
«አንለይ፣» አልኩት፣ «እስቲ ያንን መንጃ ፈቃድ አምጣ።»